ከሁለት ያጣ ጎመን፦ «ፓርቲ የለኝም» የምትለዋን ሳጥን ለዓመታት ተጠቅሜ የጻፍኩት ሪቪው

ሰው ስለ ኤር ፍራየር ይጽፋል፣ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይጽፋል፣ ስለ ክትፎ ቤት ይጽፋል። እኔ ደሞ ስለ አንዲት ሚጢጢ ሳጥን ልጽፍ ነው። ሜሪላንድ ለመራጭነት ስትመዘገቡ ፎርሙ ላይ ፓርቲያችሁን ምረጡ የሚል ቦታ አለ አይደል፣ እዛ ላይ ዴሞክራት አለ፣ ሪፐብሊካን አለ፣ እንደ ዓመቱ ትናንሾቹም ይኖራሉ፣ ከነሱ ጋር ደሞ «አንአፊሊዬትድ» የምትል ሳጥን አለች፣ የማንም አይደለሁም እንደማለት ናት። እኔ እሷን ነው የሞላሁት። በፈረንጅ 2017 ሞላኋት፣ በመሃል አንዴ ከመክዳቴ በቀር (እሱን እደርስበታለሁ) እስከዛሬ እሷው ጋር ነኝ። ስለዚህ ይሄ ትላንት ገዝቶ ዛሬ አምስት ኮከብ የሚሰጥ ሰው ሪቪው አይደለም፣ በደንብ ቆይቼበታለሁ።

ኮከቡን መጀመሪያ ልንገራችሁና የቸኮለ ይሂድ፦ ከአምስት ሁለት ተኩል። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ችግሩ ህዳር ላይ፣ ዋናው ምርጫ ሲደረግ፣ ይሰራል፣ ሰኔ ላይ አይሰራም (የአሜሪካው ወሬ ወሩም ዓመቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው)። እኔ ያለሁበት ሰፈር ደሞ ነገሩ የሚያልቀው ሰኔ ላይ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደመረጥኳት። እኛ ሀገር «ፎርም ሞላህ?» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራ የያዝኩበት መስሪያ ቤት አለቃዬ አንድ ቀን ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ፣ ሻይ አዘዘልኝ (ሻይ ሲያዝልኝ ነው የገባኝ)፣ «አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ፣ ዕድገት ትፈልግ የለ እንዴ» ብሎ አንድ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ፣ እንዳሰብኩበት ሁለት ዓመት ሞላኝ፣ ዕድገቱም እዛው አስቦበት ቀረ። ጊዜው ያ የ2002ቱ ምርጫ ሰሞን ነበር፣ ከ547ቱ ወንበር 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወስደው አንዷ ለመድረክ አንዷ ለግል ተወዳዳሪ የደረሰችበት። የግሉ ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው፣ ከቦንጋ። አስቡት እንግዲህ፣ በዛ ሁሉ ሕዝብ መሃል «የማንም አይደለሁም» ብሎ ፓርላማ የገባ አንድ ሰው። ያኔ ጓደኞቼ «ብቻቸውን ገብተው ምሳ ከማን ጋር ነው የሚበሉት» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

እና እዚህ አሜሪካ ዜግነት የማልኩ ቀን ከአዳራሹ ስንወጣ ጠረጴዛ ዘርግተው መራጭ የሚመዘግቡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፣ የሰጡንን ትንሿን ባንዲራ በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ፎርሙን እየሞላሁ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን እያልኩ ስወርድ ፓርቲ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቀጥ አለ። በቃ ያ የዘጋ በር፣ ያ ሻይ ትዝ አለኝ። የምትመዘግበው ሴትዮ ፈረንጅ ናት፣ የእናቴ እኩያ ትሆናለች፣ አየችኝና ባትመርጥም ትመዘገባለህ አለችኝ። ባትመርጥም! እኔ ለዚህች ቃል አውሮፕላን ተሳፍሬ አይደል እንዴ የመጣሁት። ጭረቴን አደረግኩ፣ ብዕሩን መለስኩ፣ ደስ ብሎኝ ፎቶ ተነሳሁ።

ማታ አባዬ ጋ ደወልኩ። ዜግነቱን ሲሰማ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፣ የሳጥኗን ነገር ስነግረው ግን ዝም አለ። ከዛ «እንግዲህ መሃል ሰፋሪ ሆንክ በለኛ» አለኝ። እሱ በ1969 ደሴ ነበር። በዛን ጊዜ ወይ ኢሕአፓ ነህ ወይ መኢሶን ነህ፣ አይ እኔ መምህር ነኝ ቾክ ነው የምይዘው ያለ ሰው ደሞ መሃል ሰፋሪ ይባላል፣ እሱ ደሞ ከሁለቱም የባሰ ነው ምክንያቱም ሁለቱም ይጠረጥሩታል፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ጭብጨባው ቀዝቀዝ ያለ ሰው ስሙ ይያዛል። አባዬ እስከዛሬ ስብሰባ ላይ ሲያጨበጭብ ጮክ አድርጎ ነው፣ ሰርግም ላይ ጭምር። እና እኔ «አባዬ እዚህ እኮ ማንም አይነካህም» ስለው «አይነኩህም፣ ግን ይጠሩሃል?» አለኝ። ያኔ የሽማግሌ ወሬ መስሎኝ ሳቅኩ። በኋላ ግን ቁም ነገር ሆኖ ተገኘ።

ዋጋው ነፃ ነው። ዴሊቨሪው ጥሩ ነው፣ ካርዱ በፖስታ ቤቴ ድረስ መጣ። ህዳር ላይ የሚሰጣችሁ የድምፅ ወረቀት ከማንም ሰው ወረቀት አያንስም፣ ፕሬዝዳንቱም ሴናተሩም የስቴቱ ገዢም ሁሉም አለበት፣ ከሁለቱም እያማረጣችሁ ታጠቁራላችሁ፣ ማንም ለምን አይላችሁም። እዚህ ድረስ አምስት ኮከብ።

አሁን ሰኔ 26 ቀን 2018 በፈረንጅ ልውሰዳችሁ። የፕራይመሪ ቀን ነው፣ ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን የሚመርጡበት። ከሥራ ቀጥታ ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ፣ የትምህርት ቤት ጂም ነው፣ የቅርጫት ኳስ መስመር ላይ ቆመን ተሰለፍን። ተራዬ ደርሶ ስሜን ፈልገው አገኙና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ወረቀቱ ከላይ እስከታች፣ ከፊትም ከኋላም ስም ነው፣ እንደ ሎተሪ አዳራሽ። የኔ ላይ የትምህርት ቦርድ ብቻ። በቃ። ገዢ የለ፣ ካውንስል የለ፣ ካውንቲ ኤግዘኪዩቲቭ (የካውንቲው አስተዳዳሪ) የለ። ስህተት መስሎኝ ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ከኋላው ባዶ ነው። ጠየቅኩ፣ ሜሪላንድ ፕራይመሪው ዝግ ነው፣ ዴሞክራቶች የዴሞክራቱን ሪፐብሊካኖች የሪፐብሊካኑን፣ ፓርቲ የሌለው ሰው ደሞ ፓርቲ የሌለበትን ነገር ብቻ ነው የሚመርጠው አሉኝ በትህትና። በአንድ ደቂቃ ጨርሼ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩና «መርጫለሁ» የምትለዋን ስቲከር ለጠፉልኝ። ስቲከሯ ግን እኩል ናት፣ ለሙሉም ለሩብም ያው አንድ ዓይነት።

ይሄ ለምን ያናድዳል ለሚል ሰው፣ ያለሁበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እዚህ ካውንቲ ሪፐብሊካን ኤግዘኪዩቲቭ የነበረው እስከ 1978 ነው፣ ካውንስሉ ውስጥ ደሞ ከ2006 ምርጫ ወዲህ አንድም ሪፐብሊካን ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ፓርቲ ያለበት ሀገር ውስጥ አንድ ፓርቲ ያለበት ሰፈር ነው የምኖረው። የዴሞክራት ፕራይመሪውን ያሸነፈ ሰው ህዳር ላይ የሚጠብቀው ፎርማሊቲ ነው። የቤት ግብሩን፣ የኪራይ ጣሪያውን፣ አውቶቡሱን፣ ቤት የት ይሰራ አይሰራውን የሚወስነው ሰው ሰኔ ላይ ተመርጦ ያድራል። እኔ ያንን ሰዓት የትምህርት ቦርድ ስም እያነበብኩ ነበር።

እና ውጤቱ ምን ሆነ በሉኝ። ስድስት ዴሞክራቶች ለኤግዘኪዩቲቭ ተወዳደሩ፣ ማርክ ኤልሪች እና ዴቪድ ብሌር አንገት ለአንገት ተያያዙ፣ ቀናት ተቆጠረ፣ ዳግም ቆጠራ ተጠየቀ፣ መጨረሻ ኤልሪች አሸነፈ፣ በ77 ድምፅ። ሰባ ሰባት! ከጠቅላላው የያዘው 29 በመቶ ገደማ ነው። ፓርቲ የለኝም ብለን የተመዘገብን በዚህ ካውንቲ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ነን። እኔ በማውቃቸው ኡበር የሚነዱ የሀበሻ ልጆች ብቻ 77 ሰው እሰበስባለሁ እኮ፣ አንድ ቅዳሜ ቡና ቤቱ በር ላይ ቆሜ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ዕቃውን በድያለሁ። በዛው ዓመት ናንሲ ፍሎሪን የምትባል የካውንስል አባል፣ ራሷ የረጅም ጊዜ ዴሞክራት፣ ከፕራይመሪው በኋላ ፓርቲዋን ለቃ በሺዎች የሚቆጠር ፊርማ አሰባስባ በግሏ ህዳር ላይ ቀረበች። ወደ 19 በመቶ አምጥታ ሁለተኛ ወጣች፣ ሪፐብሊካኑን በልጣ። የሚገርመው እሱ ነው፣ በዚህ ካውንቲ የግል ተወዳዳሪ ከሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች አንዱን ትበልጣለች፣ አሸናፊውን ግን አትጠጋውም፣ ኤልሪች ከ60 በመቶ በላይ ይዞ ገባ። እኔ ያን ወረቀት ሳገኝ እንደ ሀገሬ ሰው ናፍቆት ነበር ያየሁት፣ ከስሟ ጎን የፓርቲ ስም የሌላት ሰው። ማንን እንደመረጥኩ ግን አልነግራችሁም፣ ሚስቴም አታውቅም።

ሚስቴን ካነሳሁ፣ እሷ ዴሞክራት ብላ ነው የተመዘገበችው። ለምን ስላት «ስጋ ቤት ገብተህ እኔ ስጋ አልበላም ትላለህ እንዴ» አለችኝ። እሷ ፓርቲውን አትወደውም፣ በሩን ነው የምትወደው።

2022 መጣ። አራት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው አልሸወድም» እያልኩ ነበር፣ ተሸወድኩ። ያ ዓመት የምርጫ ክልል ካርታ ክርክር ፍርድ ቤት ገብቶ ፕራይመሪው ከሰኔ ወደ ሐምሌ 19 ተዛወረ፣ እኔም ጊዜ አለኝ ብዬ ተዝናናሁ፣ ደሞ እዚያው በዕለቱ መመዝገብ ይቻላል ሲባል ሰምቼ ሄጄ እዛው ፓርቲ እቀይራለሁ አልኩ። አይቻልም። በዕለቱ መመዝገብ የሚቻለው ላልተመዘገበ ሰው ነው፣ የተመዘገበ ሰው ፓርቲ መቀየር ካለበት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አያችሁ ነገሩን፣ በሕይወቱ አንድ ቀን መርጦ የማያውቅ ሰው በዚያች ቀን መጥቶ «ዴሞክራት ነኝ» ብሎ ሙሉ ወረቀት ይቀበላል፣ ምርጫ ያላመለጠኝ እኔ ደሞ ድጋሚ ያቺን አጭሯን። ሚስቴ ከጎኔ ቆማ ሁለቱንም ገጽ ታጠቁራለች፣ ቀስ እያለች፣ ሆን ብላ።

ውድድሩ ያው ኤልሪች እና ብሌር ነው፣ ሌላም ነበር። ቆጠራው እንደገና ተጓተተ፣ እንደገና ዳግም ቆጠራ። ኤልሪች በ32 ድምፅ። ኧረ በናታችሁ። 77 ሲሆን አጋጣሚ ነው ይባላል፣ 32 ሲደገም ግን ሰውየው ላይ ሳይሆን ራሴ ላይ ነው የተናደድኩት። ቡና ቤት የማይጠፉ አንድ ጋሼ አሉ፣ የሰማንያዎቹ ስደተኛ፣ ከሬጋን ጀምሮ ሪፐብሊካን፣ እኔን ሲያዩ ለወር ያህል «ሠላሳ ሁለት!» እያሉ ነበር ሰላምታ የሚሰጡኝ። እሳቸው ራሳቸው እኮ በዛ ውድድር ድምፅ የላቸውም፣ ግን ቢያንስ የራሳቸውን የተሸናፊ ፓርቲ ወረቀት አግኝተዋል። እኔ ከሁለት ያጣ ጎመን።

እና 2024 ላይ ከዳሁ። ቀነ ገደቡ ሚያዝያ 23 በፈረንጅ ነበር፣ ስልኬ ላይ አላርም ሞላሁ፣ ከቀኑ ሳምንት ቀደም ብዬ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ሶፋ ላይ ተቀምጬ በዌብሳይቱ ገባሁ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ ቀጥል፣ ቀጥል፣ ፓርቲ፣ ዴሞክራት፣ ላክ። ላክ የምትለዋ ላይ አውራ ጣቴ ትንሽ ቆየች። ሻይ ያዘዘልኝ የለም፣ በር የዘጋ የለም፣ ዕድገት የለም፣ ግን ያው ፎርም ሞላሁ። ሚስቴ ከኩሽና «ምነው ዝም አልክ» አለች። ሞላሁ አልኳት። እልልታዋን አቀለጠችው፣ ልጅቷ ነቃች።

የዛን ዓመት ግንቦት የሴኔት ፕራይመሪ ነበር፣ አንጄላ አልሶብሩክስ እና ዴቪድ ትሮን፣ ትሮን ከራሱ ኪስ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያፈሰሰበትና የተሸነፈበት። የምርጫ ወረቀቱን ስቀበል ረጅሙ ነበር፣ ከፊትም ከኋላም። ከላይ ፕሬዝዳንት ይላል፣ ባይደን አለ፣ ሌሎችም አሉ፣ ከስር ደሞ ምን ይላል መሰላችሁ፣ «ለየትኛውም እጩ ያልወሰነ»። ሳቄ መጣ። ሰባት ዓመት በነፃ ይዤው የነበረውን ነገር ነው እኮ ፓርቲ ስገባ ምርጫ አድርገው ያቀረቡልኝ። ማንም ያልሆነ ሰው ለመሆን መጀመሪያ አባል መሆን አለብህ እንደማለት።

የአባልነቱ ሳይድ ኢፌክት ግን አለ። ቴክስት ይመጣል፣ ጠዋት ይመጣል፣ ቅዳሴ ላይ ይመጣል፣ «ወንድሜ 5 ዶላር ብቻ» ዓይነት፣ ስሜን አሳጥረው እየጠሩኝ። የፖስታ ሳጥኔ በወፍራም የሚያብረቀርቅ ካርቶን ይሞላል፣ የማን የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ልጄ ከሱ የአሻንጉሊት ቤት ሠራችበት፣ ጣሪያው አንድ ፈገግ ያለ ሰውዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ፓርቲ የለኝም ስልም ይመጣ ነበር ግን በህዳር ብቻ ነው፣ ሁለቱም ወገን ሲያባብለኝ። እሱ ጊዜ እንኳ ደስ ይላል፣ እንደ ታጨች ልጅ።

ከፕራይመሪው በኋላ ወደ ሳጥኔ ተመለስኩ። ሚስቴ «ምን ይጠቅምሃል» አለች፣ አላውቅም። ቀለል አለኝ።

ከሌላ ሰፈር ዕቃ ጋር ላወዳድርላችሁ፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ስም ይዞ በየስቴቱ የተለያየ ነው የሚሸጠው። የሚስቴ ወንድም አሌክሳንድሪያ ነው፣ ቨርጂኒያ። እዛ ፎርሙ ላይ ፓርቲ የሚባል ጥያቄ ራሱ የለም! ሁሉም ሰው ባዶ ነው። ፕራይመሪ ሲመጣ ሄደህ የዚህኛውን ስጠኝ ትላለህ፣ ይሰጡሃል፣ በሚቀጥለው የዚያኛውን ትላለህ፣ ይሰጡሃል። ከኛ ቤት 25 ደቂቃ ርቀት ላይ ነው ይሄ፣ ወንዙን እንደተሻገርክ። እሱ ለዓመታት ዴሞክራት ሲመርጥ የኖረ ልጅ በ2021 የገዢ ምርጫ ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን መረጠ። ያን ሰሞን ታስታውሳላችሁ፣ የአሜሪካ ኢትዮጵያውያን የሕዝብ ጉዳዮች ኮሚቴ ያንግኪንን ደግፎ ወጣ፣ ብዙ የሀበሻ ቤት በባይደን መንግሥት የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተቆጥቶ ነበር፣ ደሞ በምርጫው ዕለት በዚያችው ህዳር 2 ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ከዚያ ከአንድ ዓመት በፊት ደሞ ትራምፕ ግብጽ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብሎ የተናገረው አለ። እና አማቼ «እኔ የማንም አይደለሁም፣ የዓባይ ነኝ» ይላል። ልክ ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው፣ ጠረጴዛችን ላይ ያልተነሳበት በዓል የለም፣ ግን ዕቃውን በተመለከተ የሱ ይሻላል፤ ሲናደድ ሊናደድበት የሚችልበት በር አለው፣ ፎርም መቀየር ቀነ ገደብ ምናምን የለበትም። ለቨርጂኒያው አራት ኮከብ።

ዲሲ ያለው ጓደኛዬ ደሞ የባሰበት ነው። ዲሲ ከኛም በላይ ዴሞክራት ናት፣ ፓርቲ የሌላቸው ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ፕራይመሪው ላይ በር ላይ ቆመው የሚያዩ ናቸው። በ2024 ህዳር ኢኒሼቲቭ 83 የሚባል ለሕዝብ ቀረበና 73 በመቶ ገደማ ሕዝብ አዎ አለ፣ ሁለት ነገር ነበረው፣ እጩዎችን አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ እያሉ በደረጃ መምረጥ እና ፓርቲ ለሌለው ሰው ፕራይመሪውን መክፈት። ካውንስሉ በ2025 ለደረጃው በጀት መደበ፣ ለመክፈቱ ግን አልመደበም። ጓደኛዬ ይሄን ሲነግረኝ «ሁለት ኪሎ አዝዤ አንድ ኪሎ መጣልኝ» ነው ያለው። ደሞ ዲሲ የሚያስቅ ነገር አላት፣ ካውንስሉ ላይ ከመላው ከተማ ከሚመረጡት ወንበሮች ሁለቱ ለትልቁ ፓርቲ አባላት አይሆኑም የሚል ሕግ አለ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው አይደል፣ እና ምን ይሆናል፣ ዕድሜውን ዴሞክራት የነበረ ፖለቲከኛ ጠዋት ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ የግል ነኝ» ብሎ ይወዳደርባታል። ኬንያን ማክዳፊ በ2022 እንደዛ ነው የገባው። ልብሱን ገልብጦ መልበስ። የኛ ሰው ይሄን ከማንም በላይ ይገባዋል፣ ስንት ግልበጣ ያየን ሕዝብ ነን።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደሞ ሌብሉን በደንብ አንብቡ። እዛ «አሜሪካን ኢንዲፔንደንት ፓርቲ» የሚባል አለ፣ ኢንዲፔንደንት ስለሚል ገለልተኛ እየመሰላቸው ስንት ሰው ተመዝግቦበታል፣ እሱ ግን ፓርቲ ነው፣ ያውም በ1968 ዘር መለያየትን ይደግፍ የነበረው ጆርጅ ዋላስ ለፕሬዝዳንት የተወዳደረበት። በ2016 ሎስ አንጀለስ ታይምስ አጣርቶ ብዙው አባል አባል መሆኑን እንኳ እንደማያውቅ አወጣ። እውነተኛዋ ሳጥን እዛ «የፓርቲ ምርጫ የለኝም» ነው የምትለው። ጥቁር ሕዝብ ሆነህ በስህተት የዋላስ ፓርቲ ውስጥ ተመዝግበህ መገኘት ማለት... ተዉት።

ስለ ዕቃው ተወዳጅነት ከጠየቃችሁኝ ገበያው ሞልቷል። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ በ2024 ሲጠይቅ 43 በመቶው አሜሪካዊ ገለልተኛ ነኝ ብሏል፣ ከሁለቱም ፓርቲ ይበልጣል። ግን ቀጥለው «ወደ ማን ታደላለህ» ሲሏቸው አብዛኞቹ ወደ አንዱ ያደላሉ፣ እንደኔ ዓይነቶቹ። የምር መሃል የቆመው ጥቂት ነው። ይሄን ስሰማ ትንሽ አፍሬያለሁ፣ ምክንያቱም እኔም ቡና ቤት ስጠየቅ «ገለልተኛ ነኝ» እላለሁ፣ ጋሼ «ለመጨረሻ ጊዜ ሪፐብሊካን የመረጥከው መቼ ነው» ሲሉኝ የሜሪላንድ ገዢ የነበረውን ላሪ ሆጋንን እጠራለሁ፣ ከሱ ሌላ ስም ሲጠይቁኝ ማኪያቶዬን አማስላለሁ።

ላይኛው ደረጃ ላይ ዕቃው እንዴት ነው ለምትሉ፣ ሮስ ፔሮ በ1992 በግሉ ቀርቦ ወደ 19 በመቶ የሕዝብ ድምፅ አምጥቶ ፕሬዝዳንቱን በስቴት ድምፅ ከሚመርጠው ኢሌክቶራል ኮሌጅ ያገኘው ዜሮ ነው፣ ምክንያቱም ከሁለት ስቴት በቀር በየስቴቱ አንደኛ የወጣ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል፣ በሁሉም ቦታ ሁለተኛና ሦስተኛ መሆን ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው። ሴኔት ውስጥ በርኒ ሳንደርስ እና አንገስ ኪንግ የግል ናቸው ግን ከዴሞክራቶቹ ጋር ነው የሚቀመጡት፣ ኮሚቴ ያለ ወገን አይገኝማ፣ እና ሳንደርስ ራሱ ለፕሬዝዳንትነት በ2016ም በ2020ም ሲሞክር በዴሞክራት ፕራይመሪ በር ነው የገባው። ይሄን ሳስብ ነው የራሴን ክህደት ይቅር ያልኩት፣ የዕቃው ዋና ማስታወቂያ የሆነው ሰውዬ ራሱ ሰኔ ሲመጣ የሚስቴን በር ነው የሚጠቀመው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሳጥኗ ሥራዋን አሳምራ ስትሠራ የማውቀው፣ በ2001 ሴኔቱ ሃምሳ ለሃምሳ ሆኖ ሳለ ጂም ጄፈርድስ የሚባል የቨርሞንት ሪፐብሊካን በቃኝ ብሎ የግል ሆነና ከዴሞክራቶቹ ጋር ሲቆም ሴኔቱ በሙሉ እጅ ቀየረ። አንድ ሰው። ግን እሱ ሴናተር ነው፣ እኔ የሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይ ነኝ።

ማን ይግዛት ከተባለ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ስጦታ ናት፣ ሳትጠይቁ ተሰጥቷችኋል። ሁለቱ ፓርቲዎች የምር የሚፎካከሩበት ሰፈር ካላችሁም ችግር የለውም፣ ህዳር ላይ ይለምኗችኋል። ዝግ ፕራይመሪ ያለበትና አንድ ፓርቲ የነገሠበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን፣ ዴሞክራትም ይሁን ሪፐብሊካን ሰፈሩ፣ ፓርቲ የመቀየሪያ ቀነ ገደባችሁን አስቡበት። ፓርቲዎቹ «የቤታችንን እጩ የቤታችን ሰው ይምረጥ» ማለታቸው አይገባኝም አልልም፣ ይገባኛል፣ የእድራችንን ሊቀመንበር እድርተኛ ያልሆነ ሰው መጥቶ ልምረጥ ቢል እኔም በሩን ነው የማሳየው። ግን እድሩ ድንኳኑን የሚገዛው በኛ በእድርተኞቹ መዋጮ ነው። ይሄን ፕራይመሪ የሚያካሂደው መንግሥት ነው፣ ጂሙን፣ ማሽኑን፣ ስቲከሯን ጭምር ከእኔም ግብር ቆርጦ።

አባዬ ባለፈው እሁድ ደወለ። ጤና፣ ልጅቷ፣ ዝናቡ ካልን በኋላ «ለመሆኑ አሁን የማን ነህ?» አለኝ። አሁን የማንም አይደለሁም አባዬ፣ ከፕራይመሪ በፊት ግን ለጥቂት ሳምንት የነሱ እሆንና እመለሳለሁ አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንደሱ ይቻላል?» አለ። ይቻላል፣ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው አልኩት። ሳቀ፣ እንደዛ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል፣ ከዛ እማዬን ጠርቶ ይነግራት ጀመር፣ እኔ መስመሩ ላይ እያለሁ፣ «ገብቶ ይወጣል አሉ፣ ማንም ምንም አይለውም» እያለ።

አላርሙ ስልኬ ላይ ተሞልቷል። ስሙ «ፎርም» ይላል።